ስለ «ቱጌዘር» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ከየሥራው የመጡ ናቸው። ባጃጅ የሚያሽከረክር አለ፣ ቡና የሚነግድ አለ፣ በጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ በሆቴል እንግዳ የምትቀበል፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት ያስደነገጠው። «ቱጌዘር» የሚለውን ቃል የማያውቅ አንድም የለም። ስለዚህም ለረጅም ጊዜ ማንም ስለ እሱ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ የሚያውቁትን ማን ይጠይቃል? ደብተር ሳርም ግን ቀይ እስክሪብቶዬን ደጋግሞ የሚያስነሣው ይኸው ቃል ሆነ። ማረም ስጀምር ጥያቄው ጎረፈ። ከዚህ በታች ያሉት ከዚያ የተሰበሰቡ ናቸው። እንግሊዝኛውን በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ፤ «ዘ» ብዬ የጻፍኩት ድምፅ በትክክል «ዘ» አለመሆኑን ግን ወደ ታች ስንደርስ ታያላችሁ።

«ቱጌዘር» በአማርኛ ምን ማለት ነው?

«አብሮ»፣ «አንድ ላይ»፣ «በአንድነት» ተብሎ ይተረጎማል፤ ሁሉም ልክ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው እነዚህ ቃላት በአማርኛ እርስ በርሳቸው የማይተካኩ በመሆናቸው ነው።

«አብረን ቡና ጠጣን» ስንል ሰዎቹ ይታዩናል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሲጫወት። «ጆንያዎቹን አንድ ላይ አስቀምጣቸው» ስንል የምናስበው ቦታውን ነው። «ሱቁን በጋራ ከፈቱት» ሲባል ገንዘብና ባለቤትነት ይመጣል። «ሁላችሁም በአንድ ጊዜ አትናገሩ» ሲባል ደግሞ ጉዳዩ የሰዓት ነው። እንግሊዝኛ ለአራቱም አንድ ቃል ይበቃዋል፦ «ዊ ድራንክ ኮፊ ቱጌዘር»፤ «ፑት ዘ ሳክስ ቱጌዘር»፤ «ዘይ ኦፕንድ ዘ ሾፕ ቱጌዘር»፤ «ዶንት ኦል ቶክ ቱጌዘር»።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የምትተረጉሙ ከሆነ ከአራቱ መምረጥ አለባችሁ። ወደ እንግሊዝኛ የሚሄድ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ይገላገለዋል። የሚወድቀው በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ነው።

«አብሬ ሄድኩ» ለማለት «አይ ዌንት ቱጌዘር» ስል ለምን ይታረምብኛል?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

«አብሮ» በአማርኛ ግሥ ነው። «አበረ» ከሚለው ይወጣል፤ ትርጉሙ ተባበረ፣ ተጣመረ፣ ወገነ ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል «ቢያብር» ያልነው ይኸው ግሥ ነው። ግሥ በመሆኑም እንደ ማንኛውም ግሥ ባለቤቱን ተከትሎ ይለዋወጣል፦ አብሬ፣ አብረህ፣ አብረሽ፣ አብሮ፣ አብራ፣ አብረን፣ አብራችሁ፣ አብረው። ከዚያም አልፎ ሁለተኛውን ሰው በጀርባው ያዝላል። «አብሬህ እሄዳለሁ» በሚለው ውስጥ እኔም አለሁ፣ አንተም አለህ። «አብሬያት ተማርኩ» ስትሉ እሷን ለብቻዋ መጥራት አላስፈለጋችሁም፤ «ያት» የምትለው ጭራ ተሸክማታለች። ጭራው ባይኖር እንኳ አማርኛ አይጨነቅም። «እነሱ ሊሙ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ» ቢባል አድማጩ ከማን ጋር እንደሆነ ከወሬው ያወጣዋል።

«ቱጌዘር» ይህን ሁሉ አያውቅም። አይለዋወጥም፣ ሰው አይሸከምም፣ ከወሬው ውስጥ ሰው ፈልጎ አያመጣም። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስቀድመው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ወይም ነገሮች ተገኝተው ሲጠብቁት ብቻ ይመጣል። «ዊ ዌንት ቱጌዘር» ልክ ነው፤ «ዊ» ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰው አለ። «አይ ዌንት ቱጌዘር» ሲባል ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ሰው ብቻ ያይና ሌላው የት ገባ ብሎ ይፈልጋል። ማለት የነበረባችሁ «አይ ዌንት ዊዝ ዘም» ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር እላለሁ፦ ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። «አብሬ» ወይም «አብሮኝ» ብላችሁ በአማርኛ ካሰባችሁና ባለቤቱ አንድ ሰው ከሆነ፣ የምትፈልጉት ቃል «ዊዝ» ነው። «አብረን»፣ «አብራችሁ»፣ «አብረው» ካላችሁና ሰዎቹ ሁሉ በባለቤቱ ውስጥ ካሉ «ቱጌዘር» ይሆናል። በ«አብረው» ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለአንድ ታላቅ ሰው በአክብሮት ስንናገርም «አብረው» እንላለን። «እትዬም አብረው መጡ» ሲባል እትዬ አንድ ናቸው፤ ቆጠራው በአክብሮት እንዳይታለል።

ታዲያ «ቤተሰቡ አብሮ ይበላል» ሲባልስ? ባለቤቱ ነጠላ አይደለም እንዴ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የጠየቀችኝ ተማሪ ቆጠራውን አፍርሼ ያዝኩት ብላ ነበር። «ዘ ፋሚሊ ኢትስ ቱጌዘር» ትክክል ነው። ቤተሰብ፣ ቡድን፣ ማኅበር፣ ኮሚቴ ቃላቸው ነጠላ ይሁን እንጂ ውስጣቸው ሰው የሞላባቸው ናቸው። የሚቆጠረው ሰዉ ነው።

በዕቃም ቢሆን እንዲሁ ነው። አንድ አልጋ ተፈታትቶ ከአዲስ አበባ ቢመጣላችሁ «ፑት ኢት ቱጌዘር» ትሉታላችሁ፤ «ኢት» ነጠላ ቢሆንም ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ብሎኑ ብዙ ነው፤ ገጣጥመው ማለት ነው። በዚህ ከተማ የታወቀው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ግን ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ስለሆነ አይገጣጠምም። አናጢው በርጩማውን «ፑት ቱጌዘር» አደረገው ብሎ የጻፈ ተማሪ ነበረኝ። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ የጅማ ሰው ሆኖ ግን እንዴት እንዲህ ይጽፋል ብዬ በቀይ አሰመርኩበት። አናጢው ጠርቦ፣ ፈልፍሎ አወጣው እንጂ አልገጣጠመውም።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት ይቀመጣል?

ከግሡ በኋላ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «አብረን እንበላለን» ብሎ ያሰበ ሰው «ዊ ቱጌዘር ኢት» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ «ዊ ኢት ቱጌዘር» ነው። የሚበላው ወይም የሚጠጣው ነገር ከተጠቀሰ ከእሱም በኋላ ይሄዳል፦ «ዊ ድሪንክ ኮፊ ቱጌዘር»። «ዊ ድሪንክ ቱጌዘር ኮፊ» ጆሮ ይቆረቁራል። ቦታና ጊዜ ካለ ደግሞ እነሱ ይከተሉታል፦ «ዊ ድሪንክ ኮፊ ቱጌዘር ኤት ሆም ኤቭሪ ሰንደይ»።

መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ያያችሁት በማስታወቂያ ሰሌዳና በንግግር ውስጥ ነው፤ «ቱጌዘር ዊ ካን» የሚል ዓይነት። ስህተት አይደለም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው አነጋገር ነው። ለሥራ ማመልከቻ አይሆንም።

«ዊዝ» እና «ቱጌዘር ዊዝ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ዊዝ» ብቻውን «ጋር» ነው። «ቱጌዘር ዊዝ» ትንሽ ይከብዳል፤ «ከ... ጋር በመሆን»፣ «ከ... ጋር ተደምሮ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። በዕለት ተዕለት ንግግር «ዊዝ» ይበቃል። «አይ ዌንት ቱጌዘር ዊዝ ማይ ብራዘር» የሚል ሰው አይሳሳትም፤ ግን ከወንድሙ ጋር ገበያ መሄዱን ለፖሊስ ቃል እየሰጠ ይመስላል።

በጽሑፍ ሥራ ለሚያዝ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። «ኤንድ» ሁለት ሰዎችን ደምሮ ብዙ ቁጥር ያደርጋቸዋል፤ «ቱጌዘር ዊዝ» ግን አይደምርም። «ዘ ማናጀር ኤንድ ዘ ካሺየር አር ሂር» እንላለን። ሆኖም «ዘ ማናጀር፣ ቱጌዘር ዊዝ ዘ ካሺየር፣ ኢዝ ሂር» ይሆናል፤ ግሡ የሚከተለው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡ በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል እንደ እንግዳ ቆሟል። ብዙ እንግሊዛውያንም በንግግር ላይ ይስቱታል፤ በፈተና ላይ ግን ይጠየቃል፣ በደብዳቤም ላይ ይታያል።

ደብዳቤ ላይ «ናሙናው ከዚህ ጋር አብሮ ተልኳል» ለማለት እንዴት ልጻፍ?

«ቱጌዘር»ን እርሱት። ቡና የሚነግድ አንድ ተማሪዬ ለውጭ ገዢ «ቱጌዘር ዩ ፋይንድ ሳምፕል» ብሎ ጻፈ። ገዢው «እናንተና እኔ ሆነን ናሙና ፍለጋ እንሂድ» የሚባል መስሎት ይሆናል፤ እንደ ባልና ሚስት ተያይዘው በጫካ ቡና ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ሰዎች በዓይኔ መጡብኝ። ወረቀት በፖስታ ውስጥ ካለ «ኢንክሎዝድ»፣ በኢሜይል ፋይል ከሆነ «አታችድ» ይባላል። በተለየ ጥቅል የሄደ ናሙና ከሆነ ደግሞ መላኩን በተራ ቃል መናገር ይበቃል፦ «ዊ ሃቭ ሴንት ዩ ኤ ሳምፕል»።

ስህተቱ ግን ከየት እንደመጣ ስታዩት ያምራል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «አባሪ» ብለን የምንጽፈው ከዚያው ከ«አበረ» የወጣ ነው። ልጁ አማርኛውን በደንብ ስላወቀ ተሳሳተ።

«በጋራ ገዙ» እና «አብረው ገዙ» በእንግሊዝኛ ይለያያሉ?

ይለያያሉ፤ ገንዘብ ስላለበት ተጠንቀቁ። ሁለት ወንድማማቾች «ባጃጅ አብረው ገዙ» ሲባል በአማርኛ አብረው ሄደው ገዙ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይዘው ተመለሱ ማለትም ሊሆን ይችላል። «ዘይ ቦት ኤ ባጃጅ ቱጌዘር» ሲባል ግን እንግሊዛዊው የሚያየው አንድ ባጃጅና ሁለት ባለቤት ነው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከገዙ «ዘይ ኢች ቦት ኤ ባጃጅ» ይባላል። «ቦዝ» ያለበት ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው ያጋድላል፤ ሁለቱም ገዝተዋል፣ በጋራ ስለመሆኑ ግን አልተነገረም። ውል ለመጻፍ ከሆነ «ጆይንትሊ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ሕጋዊ ሰነድ የሚወደው እሱን ነው።

አፋን ኦሮሞ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው። የእኔ ስህተት ለምን ከአማርኛ ተናጋሪው ይለያል?

የጅማ ክፍል ይህን ጥያቄ ሳያነሣ አይውልም። አፋን ኦሮሞ «ወሊን» ይላል፤ በውስጡ «ወል»፣ «እርስ በርስ» የሚለው አለ። «ወሊን» እንደ «አብሮ» በባለቤቱ አይለዋወጥም፤ ከዚህ አንጻር ለ«ቱጌዘር» ይቀርባል፣ እናንተም ከአማርኛ ተናጋሪው በአንድ እርምጃ ትቀድማላችሁ። ግን «ወሊን» የ«ዊዝ»ንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። «ነ ወሊን» ስትሉ «ከእኔ ጋር» ማለታችሁ ነው። ስለዚህ የእናንተ ስህተት «ሂ ኬም ቱጌዘር ሚ» ይሆናል። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ከ«ቱጌዘር» በኋላ ሰው የምትጠሩ ከሆነ መካከሉ ላይ «ዊዝ» ግባ በሉት። ግሥ ወደ መጨረሻ የመሄዱ ነገር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ስለሆነ የቦታው ስህተት የጋራችን ነው።

መምህራን «አር ዊ ቱጌዘር?» ይላሉ። ትክክል ነው?

ይህን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል። እኔም እላለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር እልና «አር ዊ ቱጌዘር?» እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ!» ይላል፤ ግማሹ ግን አልገባውም። «አብረን ነን ወይ?» የሚለው የአማርኛ ጥያቄ ነው እንግሊዝኛ ልብስ ለብሶ የመጣው። ኬንያውያንም በስዋሂሊ «ቱኮ ፓሞጃ» እያሉ ይህንኑ ስለሚጠይቁ በእንግሊዝኛቸው ውስጥ ይሰማል። እንግዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ክፍሎች ውስጥ ዜግነት አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ የሚያፍርበት ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ለንደን ላይ ግን መምህር እንዲህ አይልም። «አር ዩ ዊዝ ሚ?» ወይም «ዱ ዩ ፎሎ?» ይላል። ምክንያቱም «ዊ አር ቱጌዘር» ብቻውን፣ ያለ ሌላ ቃል ሲቆም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮ ላይ ብዙ ጊዜ «ፍቅረኛሞች ነን» ሆኖ ያርፋል። «አር ዘይ ቱጌዘር?» ብሎ በሹክሹክታ የሚጠይቅ ሰው ስለ ትምህርቱ እየጠየቀ አይደለም። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ግን «ዊ አር ቱጌዘር» ማለት «ሒሳቡ አንድ ላይ ነው» ሆኖ ያለ ጭንቀት ያልፋል። የሥራ ባልደረባችሁን ይዛችሁ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ፊት ከቆማችሁ ግን «ዊ ወርክ ቱጌዘር» በሉ፤ «ወርክ» የምትለዋ ቃል ከአንድ ክፍል ቁልፍ ታድናችኋለች።

«ኦልቱጌዘር» እና «ኦል ቱጌዘር» አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ተለያይቶ ሲጻፍ «ሁሉም አንድ ላይ» ነው፤ ለበዓል ዘመድ ሁሉ ከየሀገሩ ተሰብስቦ ሲገኝ «ዊ ወር ኦል ቱጌዘር» ይባላል። ተጋጥሞ ሲጻፍ ሌላ ቃል ይሆናል። አንደኛው ትርጉሙ «በጠቅላላው፣ በድምሩ» ነው፤ አስተናጋጁ «90 ብር ኦልቱጌዘር» ሲል ሁሉም ተደምሮ ማለቱ ነው። ሁለተኛው «ፈጽሞ፣ ሙሉ በሙሉ» ነው፤ «ዘ ሬይን ስቶፕድ ኦልቱጌዘር» ሲባል ዝናቡ ጭራሽ ቆመ። በክረምት ጅማ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጠቀም አትቸኩሉ። መለያው ቀላል ነው፤ «ኦል»ን ከቦታዋ አንሥታችሁ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ከቻላችሁ፣ «ኦል ኦፍ አስ ወር ቱጌዘር» እንደሚባለው፣ ተለያይቶ ይጻፋል። ካልቻላችሁ ይጋጠማል።

በነገራችን ላይ «ኢን ዚ ኦልቱጌዘር» የሚል የቆየ የጨዋታ አነጋገር አለ፤ እርቃኑን ማለት ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ካጋጠማችሁ «በድምሩ» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት።

እንዴት ነው የሚነበበው? ሆሄያቱስ?

ሦስት ቀለም አለው፤ የሚጠብቀው መካከለኛው ነው። መጀመሪያው «ቱ» ሳይሆን ደከም ያለ «ተ» ነው ማለት ይቻላል። «ቱ» ብሎ መጎተትና መጀመሪያው ላይ መርገጥ የእኛ ልማድ ነው። ሦስተኛው ላይ የምላስን ጫፍ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል በስሱ አውጥታችሁ ጉሮሮን እያስነዘራችሁ አየር ታስወጣላችሁ። አማርኛ ይህ ድምፅ ስለሌለው ግማሻችን «ዘ»፣ ግማሻችን «ደ» እንላለን።

«ቱጌደር» የምትሉ ሰዎች አትሸማቀቁ፤ የረጅም ዘመን ዘመድ አላችሁ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ የሚነገረው በ«ደ» ነበር። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው «ፋዘር»፣ «ማዘር»፣ «ጋዘር» እና «ቱጌዘር» ውስጥ የነበረው «ደ» ቀስ በቀስ ለስልሶ ወደ ዛሬው የተለወጠው። የዛሬ ፈታኝ ግን ይህን ታሪክ ሰምቶ ነጥብ አይጨምርላችሁም።

ሆሄያቱን ለማስታወስ ቃሉን ሦስት ቦታ ቁረጡት፦ «ቱ»፣ «ጌት»፣ «ኸር»። ሦስቱም በመጀመሪያው ወር የተማራችኋቸው ቃላት ናቸው። ወንዶቹ ተማሪዎች «እሷን ለማግኘት» እያሉ ይስቃሉ፤ ከትርጉሙ ጋር አይገናኝም፣ ግን አንዴ የሳቀ አይረሳውም። የተለመደው ስህተት መካከል ላይ በ«ኢ» ፈንታ «ኤ» የምትባለውን ሆሄ ማስገባት ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ያ የ«ኤ» ስህተት እንኳን መሠረት አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቶጋደሬ» ይባል ነበር፤ «ቶ» ወደ ማለት ሲሆን ቀሪው ዛሬ «ጋዘር»፣ ሰበሰበ፣ ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ዘር ነው። ወደ አንድ መሰብሰቢያ ማለት ያህል ነው። የእኛው «አበረ» ደግሞ ከግእዙ «ኀበረ» የመጣ ነው፤ «ኅብረት» እና «ማኅበር» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ከመሰብሰብ፣ አንዱ ከማኅበር ተነሥተው ጎን ለጎን ደረሱ።

ከሌሎች ግሦች ጋር ሲጣመር ትርጉሙ ይቀየራል?

አንዳንዴ። «ጌት ቱጌዘር» ተገናኘ፣ ተሰባሰበ ነው፤ በንዑስ ሰረዝ ተያይዞ ሲጻፍ ስም ይሆናል፣ ትንሽ ድግስ ወይም የወዳጅ ጨዋታ። «ጎ ቱጌዘር» ደግሞ ተስማማ፣ ሄደ ማለት ነው፤ ቡናና ቆሎ «ጎ ቱጌዘር»። «ስቲክ ቱጌዘር» አለመለያየት ነው፤ በገበያ ቀን ልጆች ይዛችሁ ስትወጡ የምትሉት።

ከሁሉ የምወደው «ፑል ዩርሰልፍ ቱጌዘር» ነው። ሰው ደንግጦ፣ ተበታትኖ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚባል ነው። አማርኛችን «ራስህን ሰብሰብ አድርግ» ይላል። እዚህ ላይ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፣ ግን ቆጠራው አልፈረሰም፤ የተበተነው ብዙ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ሰውን እንደ ተበተነ እህል ማየታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለውስ? «ሙቭ ክሎሰር ቱጌዘር»። አራተኛ ሰው ለሦስት መቀመጫ ሲመጣ ይህን በእንግሊዝኛ ብትሉት ቅር የሚለው ሰው አይቀንስም፤ ሰዋስዉ ግን ትክክል ነው።

«ሚክስ ቱጌዘር»፣ «ጆይን ቱጌዘር» ማለት ድግግሞሽ አይደለም?

በጥብቅ ከታየ ነው፤ የሚደባለቅ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚደባለቀው። ግን ጆሮ ለምዶታል፣ ማንም አይቆጣም። «ኮላቦሬት ቱጌዘር» እና «ቱጌዘር ዊዝ ኢች አዘር» ላይ ግን እኔ እቆጣለሁ። ይህ በሽታ ከስብሰባ አማርኛ የተጋባ ይመስለኛል። «በጋራ ተባብረን በአንድነት አብረን» የሚል ንግግር ያልሰማ አለ? አራቱን ቃላት በአራት «ቱጌዘር» ልተካ ያለ ሰው አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ጽፎ አንድ ሐሳብ አይወጣውም።

«ፎር ስሪ ዴይስ ቱጌዘር» የሚል አነበብኩ። ሦስት ቀን አብሮ?

ሦስት ቀን በተከታታይ፣ ሳይቋረጥ ማለት ነው። በቆዩ መጻሕፍትና በሕንዶች እንግሊዝኛ ይገኛል። ስታነቡት እወቁት፤ ስትጽፉ «ኢን ኤ ሮው» ይሻላችኋል።

«ሺ ኢዝ ቬሪ ቱጌዘር» ሲባልስ?

የተረጋጋች፣ ኑሮዋን ያደላደለች፣ የምትሠራውን የምታውቅ ማለት ነው። ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ወዲህ ከአሜሪካ የተስፋፋ የወዳጅ ቋንቋ ነው፤ በማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ስለ ራሳችሁ አትጻፉት።

ለሙሽሮች «አብሮ ያኑራችሁ» ለማለት በእንግሊዝኛ ምን ልበል?

አንዲት ተማሪ የፈረንጅ ባልደረባዋ ሠርግ ተጠርታ ካርድ ላይ ልትጽፍ ፈልጋ ነበር። ቃል በቃል «ሜይ ዩ ሊቭ ቱጌዘር» ብላ አመጣችልኝ። ችግሩ «ሊቭ ቱጌዘር» በእንግሊዝኛ የሚያስታውሰው ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትን ነው። ተጋብተው ከጨረሱ በኋላ «ሳትጋቡ አብራችሁ ኑሩ» የሚል ካርድ ማግኘት ነው። አማርኛውም ቢሆን ልዩ ነው፤ እዚህ ላይ «አብሮ» «አብራችሁ» አልሆነም፤ በምርቃት አፍ ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ እንደ «አብሮ አደግ»። የሚያኖረው እግዚአብሔር ነው፤ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ግን እሱን ረስቶታል።

«ኤ ሎንግ ኤንድ ሃፒ ላይፍ ቱጌዘር» ብለሽ ጻፊ አልኳት፤ «ረጅም የደስታ ኑሮ አብራችሁ» ማለት ነው። እሷም ጻፈች። ከሥሩ ግን በአማርኛ፣ በራሷ ፊደል፣ «አብሮ ያኑራችሁ» ጨመረችበት። ባልደረባዋ ካርዱን ይዞ መጥቶ ይህ ምን ይላል ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ልትነግረው ሞክራ አልሆነላትም መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ጥያቄውን ይዛ ወደ እኔ ተመለሰች።